የነጃትን ፕሮግራም ይዤ ድሬዳዋ

ዓርብ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ጠዋት በመንገደኛ ባቡር ነው። ጉልበቴ ላይ አንዲት የጫማ ካርቶን አስቀምጫለሁ። በውስጧ በጋዜጣ የተጠቀለሉ አራት ዲስኬቶች ነበሩ፤ ዲስኬቶቹ ላይ ደግሞ መሥሪያ ቤታችን የቦይለር ፍተሻ ሪፖርት የሚያወጣበት ፕሮግራም አለ።

ለማያውቅ አንባቢ ልንገር፤ ቦይለር ለፋብሪካ እንፋሎት የሚያፈላ ትልቅ የብረት ጋን ነው። ብረቱ ከዓመት ዓመት ከውስጥ እየተበላ ይሳሳል፤ ከልክ በላይ ከሳሳ ይፈነዳል። የኔ ሥራ በየፋብሪካው እየዞርኩ የብረቱን ውፍረት መለካት ነው። ምን ያህል ቢሳሳ እንደሚፈቀድ እንደ ግፊቱና እንደ ዕድሜው ስለሚለያይ፣ ስሌቱን የሚሠራው ፕሮግራሙ ነው። ልኬቱን ስናስገባለት «ይሠራል» ወይም «ይቁም» ብሎ ያትማል። አለቆቻችን ይህ ፕሮግራም ኮምፒዩተር ባላቸው የክፍለ ሀገር ፋብሪካዎች ሁሉ ይግባ ብለው ወስነው፣ የመጀመሪያው መንገድ ለኔ ደረሰኝ።

ፕሮግራሙን የጻፈችው ነጃት ናት። ሦስት ዓመት በአንድ ክፍል ፊት ለፊት ተቀምጠን ሠርተናል። ከዚህ ጉዞ አሥር ወር በፊት ለአምስት ዓመት ትምህርት ከሶሻሊስት አገሮች ወደ አንዱ ተላከች። ልነግራት የምፈልገውን ነገር ሳልነግራት ሄደች። እሷ ሙስሊም እኔ ክርስቲያን መሆናችን አንዱ ምክንያት ነበር፤ ፍርሃቴ ሌላው። ተወልዳ ያደገችው ድሬዳዋ ነው። የምሄድበት ፋብሪካ ውስጥም አባቷ የቦይለር ክፍል ኃላፊ መሆናቸውን አውቅ ነበር። ስለዚህ ይህን መንገድ ሌላ ሰው እንዳይወስደው አለቃዬን ሁለት ጊዜ ለምኛለሁ።

ከዲስኬቶቹ ሌላ ቦርሳዬ ውስጥ የፕሮግራሙ በወረቀት የታተመ ቅጂ ነበር። ለሥራው ያስፈልጋል ብዬ አልያዝኩትም። ነጃት በየስሌቱ መሐል ለሰው ብቻ የሚሆኑ፣ ማሽኑ ሳያነባቸው የሚያልፋቸው ማስታወሻዎች ትጽፍ ነበር፤ አማርኛውን በላቲን ፊደል እየጻፈች። ከሄደች በኋላ በምሳ ሰዓት እያወጣሁ የማነባቸው እነሱን ነበር።

ባቡሩ ናዝሬትን አልፎ ወደ መተሐራ ሲወርድ ሙቀቱ ጀመረ። እኛ አገር ፀሐይ ወጣች ብለን ደስ ይለናል፤ እዚያ ሰው ሁሉ ፀሐይዋን እንደ ተቆጣጣሪ ይሸሻታል። ዲስኬት ሙቀት አይችልምና ካርቶኗን ከመስኮት ለማራቅ ሦስት ጊዜ ቦታ ቀየርኩ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ጨርቅ ነጋዴ ምን እንደያዝኩ ጠየቀችኝ። ስነግራት አልገባትም፤ ግን የራሷን ነጠላ በውሃ አርሳ ካርቶኗ ላይ ዘረጋችልኝ። ውሃ ከሙቀቱ እኩል እንደሚያበላሻቸው ልነግራት አፈርኩ። ዞር ስትል ነጠላውን ከካርቶኗ በእጄ ከፍ አድርጌ ይዤ ሄድኩ።

አዋሽ ላይ ፈታሾች ገቡ። አንዱ ወታደር የይለፍ ወረቀቴን አየና ካርቶኗን አስከፈተኝ። ዲስኬቱን ከልባሱ አውጥቶ፣ ጣት መንካት የሌለበትን ጥቁሩን ቦታ በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ አሸው። ዘፈን ይሆን ብሎ ጠየቀኝ። የቦይለር ሪፖርት ነው አልኩት። ወረቀቱ የታለ አለኝ። አንድ ዲስኬት እንዲያ ተበላሸ። ሦስቱን ግን በሰላም ይዤ ሳይመሽ ድሬዳዋ ደረስኩ። ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ የዛፍ ጥላ ያለበት ቀጥ ያለ መንገድ ላይ አንድ ማረፊያ አገኘሁ። ባለቤቱ የክፍሉን በር ከፍተው እጃቸውን ወደ ውስጥ ዘርግተው ሙቀቱን ለኩና፣ እዚህ ውስጥ የሚተኛው ሻንጣህ ነው ብለው አልጋዬን ወደ በረንዳው አስወጡልኝ።

ቅዳሜ

የፋብሪካው ኮምፒዩተር ለብቻው አንድ ክፍል ነበረው፤ በከተማው ውስጥ ካየኋቸው ክፍሎች ሁሉ ቀዝቃዛውም እሱ ነበር። ማሽኗን የምትይዘው አስቴር የምትባል ረጋ ያለች ሴት ናት። ካርቶኔን ከፍቼ አንዱን ዲስኬት ስሰጣት፣ አየችውና ከመሳቢያዋ የራሷን አውጥታ አጠገቡ አስቀመጠችው። የኔው የስኒ ማስቀመጫ ቢያክል የሷ የምግብ ሳህን ያክላል። ቀኑን ሙሉ ከፀሐይና ከነጠላ የጠበቅኩት ነገር ማሽኑ አፍ ውስጥ የሚገባ አልነበረም።

ቢገባም ኖሮ ዋጋ የለውም አለችኝ። የኛ ማሽን የሚተዳደርበት ሲስተም ሌላ፣ የነሱ ሌላ ነው፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው አያነብም። ሁለቱም የሚያውቁት ቤዚክ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን የጎጃምና የድሬዳዋ አማርኛ ያህል ይለያያል።

ወደ አዲስ አበባ ደወልኩ። መስመሩ እስኪገኝ ሁለት ሰዓት ፈጀ። አለቃዬ ሳምንቱ ሳያልቅ ሪፖርቱን ከዚያው ማሽን አትመህ ና አሉኝ። ስልኩን ዘግቼ ስቀመጥ አስቴር ፕሮግራሙ በወረቀት የለህም ወይ አለችኝ። እንዳለኝ ስነግራት፣ እንግዲያው ከሰኞ ጀምሮ አንብበን እንጽፈዋለን አለች፤ እንደ ቀላል ነገር። ወረቀቱ አርባ ሁለት ገጽ ነበር።

ከሰዓት በፊት የነጃት አባት አቶ ዩሱፍ መጡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሸሚዛቸው ላይ የብረት ዝገት የቀረ ሰው ናቸው። ዓይናቸው የነጃት ነው። ተነስቼ እርስዎ እያልኩ ስናገር ከቆየሁ በኋላ ዞር ብለው ከኋላቸው አዩ።

«እርስዎ የምትለው ማንን ነው? ከኋላዬ ሌላ ሰው አለ እንዴ?» አሉኝ።

ድሬዳዋ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም አንተ እንደሚል ሰምቼ ነበር። እኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ያስቆጣል። ለመልመድ ሞከርኩ፤ አፌ ግን እስከ መጨረሻው ቀን እንቢ አለኝ፤ ይኸው ስጽፍም እንቢ ብሎኛል። አቶ ዩሱፍ የልጃቸው ባልደረባ መሆኔን ሲያውቁ ነገ ቦይለሩ ቀዝቃዛ ነው፣ ለክተህ ስትጨርስ ምሳ እኛ ቤት ነው አሉኝ። ይህን ብለውኝ ለሠራተኛቸው በኦሮምኛ፣ በር ላይ ውሃ ለሚሸጠው በሶማሊኛ አንዳንድ ነገር ተናግረው ሄዱ።

እሑድ

ፋብሪካው ስለማይሠራ ቦይለሩ ጠፍቷል። በድምፅ ውፍረት የሚለካውን መሣሪያ ይዤ ብረቱን ከውጭ ዳሰስኩ። አቶ ዩሱፍ የምጠራውን ቁጥር እየሰሙ በኖራ ብረቱ ላይ ይጽፋሉ። አሥራ አንድ ሚሊሜትር፣ አሥራ አንድ ነጥብ ሁለት፣ አሥር ነጥብ ዘጠኝ። ቦይለሩ የላይና የታች ጋን አለው፤ ወደ ታችኛው ስወርድ አንድ ቦታ ላይ ስምንት ነጥብ ስድስት አልኩ። ደግሜ ለካሁ፤ ያው ነው። አቶ ዩሱፍ ቁጥሩን ከሌሎቹ ተለቅ አድርገው ጻፉትና ቦታውን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ። ያልፋል አያልፍም የሚለውን ሪፖርቱ ይነግረናል አልኳቸው።

ምሳ ለመብላት የደቻቱን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ተሻግረን መጋላ የሚባለው ሰፈር ገባን። አዲስ አበባ ወንዝ ስንል ድልድይ እንፈልጋለን፤ እዚያ ሰው በወንዙ ሆድ ውስጥ እየተራመደ፣ እየተገበያየ ይሻገራል። ቤታቸው በጠባብ መንገድ ውስጥ፣ ግድግዳው ሰማያዊ ነው። የነጃት እናት ወይዘሮ ረዲያ ሩዝ በፍየል ሥጋ አቀረቡ፤ ከጎኑ ሙዝ አለ። ሙዙን ለመጨረሻ ብዬ ወደ ጎን ሳደርገው ሁለቱም ተያዩ። ወይዘሮ ረዲያ ልጠው ከሩዙ ጋር አቀላቅለው እንድበላ አሳዩኝ። እናቴ ብታየኝ ኖሮ ታመሃል ወይ ትለኝ ነበር። ግን ይጥማል።

ስበላ ወይዘሮ ረዲያ ስለ ልጃቸው ይጠይቁኝ ጀመር። በአሥር ወር ሦስት ደብዳቤ ደርሷቸዋል። ካፖርት አላት ወይ አሉኝ። ስትሄድ ገዝታ ነበር አልኩ። ጠቆር ያለ ነው ወይስ ነጣ ያለ ብለው ጠየቁ። ግራጫ ነው አልኩ። ካፖርቱን ስትለካው አብሬያት ነበርኩ፤ ያን ግን አልተናገርኩም። እኔ የደረሰኝ አንድ ፖስታ ካርድ ብቻ መሆኑን ሲሰሙ፣ ሦስቱን ደብዳቤ አምጥተው ከፈለግህ አንብብ አሉኝ። የሰው ደብዳቤ ነው ብዬ መለስኩላቸው። ማንበቡን ግን እንዴት እንደፈለግኩት እኔ አውቃለሁ።

ሰኞና ማክሰኞ

አስቴር ታነባለች፣ እኔ እጽፋለሁ፤ ሲደክመኝ እንቀያየራለን። ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ጥላ ውስጥ ሲቀመጥ፣ መብራት ሄደ። ከጠዋት ጀምሮ የጻፍነው አሥራ አንድ ገጽ አብሮ ሄደ፤ ዲስኬት ላይ አላስቀመጥነውም ነበር። አስቴር አልተቆጣችም። ወጥታ ከበር ላይ ሁለት ሳምቡሳና ሎሚ ያለበት ሻይ ይዛ መጣችና መብራቱ እስኪመለስ ስለ እህቷ ሠርግ አጫወተችኝ። ከዚያ በኋላ በየአንድ ገጹ እናስቀምጥ ነበር።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ማሽኑ ቦታ ሞላብኝ አለ። ከኛ ማሽን ያነሰ ነው። አስቴር ማሽኑ የማያነባቸው ማስታወሻዎች ለምን ይገባሉ፣ እነሱን እንዝለል አለች። ትክክል ነበረች። የገቡትን አንድ በአንድ ደመሰስኳቸው። የቀሩትንም ዓይኔን እያሳለፍኩ ዘለልኳቸው። ማሽኑ ቦታ አገኘ፤ እኔ ግን ሰው ከቤት ያስወጣሁ መሰለኝ።

ከሥራ መውጫ በፊት አቶ ዩሱፍ መጥተው ተቀመጡ። ልጄ የጻፈችው የቱ ነው አሉ። ስክሪኑን አሳየኋቸው፤ ቁጥርና የላቲን ፊደል ብቻ ነው። ከዚያ ወረቀቱን አውጥቼ ማስታወሻዎቹን አነበብኩላቸው።

«ይህን ስሌት አትንኩ። አንዴ ነክቼው ሁለት ቀን አልቅሻለሁ» ይላል አንዱ። ሌላው፣ «አባቴ ቢያየው መጀመሪያ በጆሮሽ ስሚው ይለኝ ነበር» ይላል። አቶ ዩሱፍ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ቀጥሎ የመጣው፣ «እዚህ ጋ ደክሞኛል። ታደሰ ሻይ ሊያመጣ ሄዷል፤ ሲመጣ እጨርሰዋለሁ» የሚል ነበር። ታደሰ እኔ ነኝ። ይህን ማስታወሻ መቶ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ ድምፄን አውጥቼ ግን አንብቤው አላውቅም።

አቶ ዩሱፍ ከመስኮቱ ወደኔ ዞሩ።

«ስሟን ስትጠራ ድምፅህ ዝቅ ይላል» አሉኝ። «እሑድ ለታም ሰምቼዋለሁ። ብረት ብቻ አይደለም የምሰማው።»

ወደ ወረቀቱ አቀረቀርኩ። የመውጫው ፊሽካ ተነፋ፤ ከገጾቹ ግማሹን ሳላነብላቸው ተነሱ።

ረቡዕ

ጠዋት ልኬቶቹን አስገባሁ። ማሽኑ እየተንገራገጨ ሪፖርቱን አተመ፤ መጨረሻው ላይ «ይሠራል» ይላል። ከሁለት ቀን ድካም በኋላ ያንን ቃል ሳይ በደስታ ቁጥሮቹን እንኳ ሳላስተውል ፈረምኩበት። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ወዲያው ወሰዱት። የዓመቱ ዕቅድ ወደ ኋላ ቀርቶባቸው ስለነበር፣ ቦይለሩ ማለፉን ለበላይ ለመንገር ስልክ አነሱ።

ግልባጩን ለአቶ ዩሱፍ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቆመው አነበቡትና እጄን ይዘው ቦይለሩ ጋ ወሰዱኝ። ወረቀቱን ከኖራው ጽሑፍ አጠገብ ያዙት። ወረቀቱ ዘጠኝ ይላል፤ ብረቱ ላይ የተጻፈው ስምንት ነጥብ ስድስት ነው። ሌሎቹም እንዲሁ፤ አሥር ነጥብ ዘጠኙ አሥራ አንድ ሆኗል። ነጥብ ያለው ቁጥር በሙሉ ተጠጋግቶ ሙሉ ቁጥር ሆኗል። የሚፈቀደው ዝቅተኛ ውፍረትም ዘጠኝ ተብሎ ታትሟል፤ ሁለቱ እኩል ስለሆኑ ቦይለሩ አልፏል።

ወደ አስቴር ሮጥኩ። ወረቀቱን ገልጠን ስሌቱ ያለበትን ገጽ ስናገኝ፣ እዚያው አጠገቡ የዘለልኩት ማስታወሻ አለ። «ፕሮግራሙ ሌላ ማሽን ላይ ሲጻፍ እዚህ ጋ ነጥቡን አስጠብቁ። አለበለዚያ ስሱ ወፍራም ይመስላል።» የኛ ማሽን ነጥቡን በራሱ ይይዛል፤ ያኛው ግን ልዩ ምልክት ካልተደረገለት ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ያጠጋጋዋል። ነጃት ይህ እንደሚመጣ አውቃ ነግራኝ ነበር። እኔ ማስታወሻዎቿን የምወዳቸው ናፍቆቴን ስለሚያስታግሱልኝ እንጂ ምን እንደሚሉ ለማወቅ አልነበረም።

ምልክቱን በየቦታው ጨምረን እንደገና አተምን። የሚፈቀደው ስምንት ነጥብ ስምንት፣ ያለው ስምንት ነጥብ ስድስት። መጨረሻው ላይ «ይቁም» ይላል።

ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛውን ሪፖርት አልቀበልም አሉ። የመጀመሪያውን ፈርመህበታል፣ እኔም ለበላይ ነግሬያለሁ አሉኝ። ስህተቱ የኔ መሆኑን አስረዳኋቸው። ሰው ይሳሳታል፣ ማሽን አይሳሳትም አሉ። ከዚያ አብረውኝ ወደ ገቡት አቶ ዩሱፍ ዞሩ። ሃያ ስድስት ዓመት የሠሩበትን ቦይለር እሳቸው ራሳቸው ሊያስቆሙ ነው ወይ፣ ጡረታቸው ሲደርስ፣ ጉዳቱ በማን ጥበቃ ጊዜ ደረሰ ሲባል ምን ሊሉ ነው ብለው ጠየቋቸው። ደግሞም ይሠራል ያለው የገዛ ልጅህ ፕሮግራም ነው አሏቸው።

አቶ ዩሱፍ ድምፃቸውን አላነሱም።

«ልጄ እዚህ የለችም» አሉ። «ብትኖር ወረቀቱን ትታ ብረቱን ትለካ ነበር። እኔ ነገ እሳት አላነድበትም። ሌላ የሚያነድ ሰው ካለህ ፈልግ።»

እኔም ለክቻለሁ፣ እፈርማለሁ ብዬ ሁለተኛውን ሪፖርት ፈርሜ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የመጀመሪያው የተሰረዘ መሆኑንም ከሥር ጻፍኩ። በዚህ ዘመን ምርት አስቁሟል መባል ቀላል ነገር አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። በመጨረሻ ስልኩን አንስተው፣ ቅድም የተናገርኩት ተለውጧል አሉ።

ሐሙስ

የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ባዶ ነበር። ሠራተኞቹ በር ላይ ቆመው ሲያዩኝ ዓይናቸውን አልቻልኩትም። አንዷ ሴት ስንት ቀን ነው የሚቆመው አለችኝ፤ እንደማላውቅ ነገርኳት።

አቶ ዩሱፍ ባቡር ጣቢያ ድረስ በጋሪ ሸኙኝ። ወይዘሮ ረዲያ ሐልዋ በዘይት ወረቀት ጠቅልለው ልከውልኛል። ስለ ማክሰኞው ንግግር አቶ ዩሱፍ አንዲት ቃል አልጨመሩም። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ መስኮቱን በጣታቸው መታ አድርገው፣ ጤና ሁን አቦ አሉኝና ሳይዞሩ ሄዱ። ወደ ደጋው ስንወጣ ብርዱ መጣ። ሰው ሁሉ ሹራቡን ሲለብስ እኔ ሙቀቱ ቀረብኝ ብዬ አዘንኩ። ስድስት ቀን ነጃት ያደገችበትን አየር ተንፍሻለሁ፤ አሁን እሱም ወደ ኋላ እየቀረ ነው።

ከተመለስኩ በኋላ

ሦስት ሳምንት ቆይቶ የታችኛው ጋን ሲከፈት ውስጡ ስፋቱ ሁለት ጣት የሚያክል በዝገት የተበላ ጉድጓድ ተገኘ። ብረቱ ተቀይሮ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ። አቶ ዩሱፍን የጠየቃቸው ሰው የለም። እኔ ሳያይ ፈረመ ተብዬ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደረሰኝ። ይገባኛል።

ለነጃት ስለ ስህተቱ ጻፍኩላት። ደብዳቤ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ስለማውቅ ስለ ፕሮግራሙ ብቻ ነው የጻፍኩት፤ ወይም ምክንያቴ እሱ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። መልሱ ከአራት ወር በኋላ መጣ። አንድ ገጽ ተኩል ለሌሎች ማሽኖች የሚሆን ማስተካከያ ነው፤ በየትኛው ሲስተም ምን ምልክት እንደሚገባ በጥንቃቄ ዘርዝራለች። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «አባቴን አይተኸዋል፤ ስለሱ ግን አንድ መስመር አልጻፍክልኝም። ከስቷል? እናቴ ደህና ነው ብቻ ነው የምታስጽፈው። አንተ ለክተህ የምትናገር ሰው ነህና እውነቱን ንገረኝ።»

በዚያው ቀን ጽፌ መለስኩላት። ትንሽ ከስተዋል፣ መነጽር ጀምረዋል፣ ጆሯቸው ግን ከመሣሪያዬ ይበልጣል አልኩ። ቤቱ አሁንም ሰማያዊ መሆኑን፣ ሙዝ በሩዝ መብላቴን፣ አሸዋውን መሻገሬን ጻፍኩ። ወረቀቱ ከታች ሁለት መስመር የሚያህል ባዶ ቦታ ቀረው። ማን ያነበዋል ብዬ አላሰብኩም። በሦስት ዓመት ያልነገርኳትን እዚያ ላይ ጻፍኩት፤ ሁለቱ መስመር በቃኝ። ሐሳቤን እንዳልቀይር በእግሬ ወደ ፖስታ ቤት ሄጄ ሳጥኑ ውስጥ ከተትኩት።

ይህን ስጽፍ ደብዳቤውን ከላክኩ ስድስተኛ ሳምንቱ ነው። ደብዳቤ የሚያድለው ሠራተኛ በር ላይ ሲደርስ እስካሁን ከወንበሬ እነሳለሁ።